ሁለት የተኳረፉ መምህራን ይዤ ሮቢት ወረድኩ

በትምህርት ክፍላችን የመጨረሻዋ ተቀጣሪ እኔ ስለሆንኩ ማንም የማይፈልገው ሥራ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ያርፋል። የዘመናዊ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ነን፤ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ እናስተምራለን። ከደረሱኝ ሥራዎች አንዱ «ዜናና ክንውን» የሚባለው ነው። በየወሩ የትምህርት ክፍሉን ወሬ ለቃቅሜ፣ አጥቤና ተኩሼ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ አወጣለሁ፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰሌዳ እለጥፋለሁ። ጥቂት ሰው ብቻ የመጣበት ሴሚናር «በርካታ ታዳሚዎች በተገኙበት» ይሆናል። መብራት ጠፍቶ የተበተነ ስብሰባ «በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ተጠናቀቀ» ይባላል። በእኔ ሥራ ውሸት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አቀራረብ ነው።

ያን ሰሞን ግን ምንም ባሳምረው ልጽፈው የማልችለው ዜና ነበር። ኃላፊያችንና ነባሩ የእንግሊዝኛ መምህር አይነጋገሩም። ነገሩ የተጀመረው በሴሚናር ላይ ነው። ኃላፊው ስለ ፈረንሳይኛ አስተማመር ያዘጋጀውን ጥናት ሞቅ ብሎት እያቀረበ ሳለ የነባሩ መምህር ስልክ ጮኸ። ሰውዬው አነሳና፣ በሹክሹክታ ያወራ መስሎት፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ኧረ ምንም እየሠራሁ አይደለም፤ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ናና ምሳ እንብላ» አለ። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ፣ ወረቀቱን አጣጠፈና ከመድረኩ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። ቢሯቸው ደግሞ አንድ ነው፤ የሚቀመጡት ጀርባ ለጀርባ። «ለሰውዬው የፈተናው ቀን ተቀይሯል በይው» ይለኛል ኃላፊው፣ ሰውዬው እጁን ቢዘረጋ ሊነካው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ እያለ። ዞሬ እነግረዋለሁ። «ለኃላፊሽ ሰምቻለሁ በይው» ይለኛል ያኛው። ዞሬ እነግረዋለሁ። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። በውጭ ቋንቋ ተመርቄ፣ በሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ይህን ሁሉ የምተርከው ስለ እነሱ ብዬ አይደለም። ስለ አያቴ ነው።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ቆቦ በሮቢትና በዋጃ መካከል ያለች ከተማ ናት፤ እናቴም በቤተሰባችን ውስጥ ያላት ቦታ እንደዚያው ነው። የእናቴ እናት፣ እማ የምላት አያቴ፣ ዋጃ ትኖራለች። የእሷ ታላቅ ወንድም ደግሞ ከሮቢት ገባ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። ሁላችንም አባ ነው የምንላቸው። በቆላው ሰው ዘንድ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። የመስኖ ውኃ ቢያጣላ፣ ድንበር ቢያጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ አባ ይጠራሉ።

ከዓመታት በፊት ዋጃ ላይ የአንድ ጎረቤት ማሽላ በግመል ተበላ። ጥፋቱ በአያቴ ግመል ተላከከ። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት አባ ነበሩ። ለእህቱ አደላ እንዳይባሉ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ነገሩን በወጉ ሳያጣሩ «ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ተነሽና አፉ በለኝ በይው» አሏት። ሰው ሁሉ እያየ ተነሳች፣ ጎረቤቷን አፉ በለኝ አለች፣ ቤቷ ገባችና ለወንድሟ በሯን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ ማሽላውን የበላችው ግመል ጨው ጭኖ ከአፋር በኩል የመጣ ነጋዴ ግመል መሆኗ ተሰማ። አያቴም ሰማች፣ አባም ሰሙ። ግን ፍርዱን አፍርሶ ታናሽ እህቱን አፉ በይኝ የሚል ሽማግሌ አባ አይተው አያውቁም፤ እሷም ሄዳ የምትለማመጥ ሴት አይደለችም። የቀሩት ሽማግሌዎችም አስታራቂውን ማን ደፍሮ ያስታርቃል እያሉ ሸሹ።

አባ ከዚያ ወዲህ ማስታረቁን አልተዉም፤ የተዉት ምርቃቱን ነው። በእኛ አገር እርቅ ሲያልቅ የሚመርቀው ሽማግሌ አስቀድሞ «ቂም የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ምርቃት የለም፤ መራቂው ራሱ ቂም ካለበትማ ጭራሽ አይሆንም። አባ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እኔን አሞኛል፤ አንተ መርቅ» ብለው አጠገባቸው ላለው ሽማግሌ ያሳልፋሉ። የአባ ጉሮሮ ዓመታት ሙሉ አልዳነም። ሰዉ በሽታውን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

እንግዲህ ያን ሰሞን አያቴ ደሴ ሄዳ የሆድ ኦፕራሲዮን እንድታደርግ ቀን ተቆረጠላት። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ቀኑን ከሰማች ጀምሮ የተጣላችውንም ያልተጣላችውንም እየጠራች አፉ ስትባባል ሰንብታለች። «የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው የቀራት» አለችኝ እናቴ።

«አባስ?» አልኳት።

«ስሙን ሳነሳባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች» አለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እንደምታለቅስ ገባኝ። ቆይታ ደግሞ እንደ መቆጣት ብላ «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለመስክ ሥራ የማትሄዱበት አገር የለም። ሮቢት ምነው ራቃችሁ?» አለችኝ።

ፈርቼ ነበር። አያቴ ደሴ ሄዳ ባትመለስ አባ ቀብሯ ላይ የሚቆሙት በምን ፊት ነው? እሷስ ያንን ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ ቢላዋ ሥር ልትተኛ ነው? ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ዓይኔ ጀርባ ለጀርባ በተቀመጡት በሁለቱ መምህራን ላይ ያረፈው እንዲያ ስጨነቅ ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች በእጄ አሉ። አንድ የማይመርቅ አስታራቂ ሮቢት አለ።

በማግስቱ ለኃላፊው አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። የራያ ቆላ ሽማግሌዎች ሲመርቁ በአማርኛው መካከል የድሮ ኦሮምኛ ቃላት ይጥላሉ፤ ሰላም ለማለት «ነጋ»፣ ተባዙና ኑሩ ለማለት «ሆራ፣ ቡላ» ይላሉ፤ ቃላቱን የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ቢቀርጻቸው ጥሩ ዜና ይወጣዋል አልኩት። ውሸት የለበትም። ዜና የሚለውን ቃል ሲሰማ ኃላፊው ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። የድምፅ መቅረጫውን ቁልፍም አጠቃቀምም የያዘው ግን ነባሩ መምህር ብቻ ነው።

«ለሰውዬው ይዘጋጅ በይው» አለኝ ኃላፊው።

ዞሬ ነገርኩት።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት፣ ከሳምንቱም የቆቦን የገበያ ቀን መረጥኩ። በገበያ ቀን ሽማግሌ ቤቱ አይገኝም። አባ ምርቃቱን የሚያሳልፉለት ሰው አጠገባቸው እንዳይኖር ነው። እናቴም በበኩሏ የአባን የቅርብ ጎረቤት «ሽንኩርት ምረጥልኝ» ብላ በጠዋት ቆቦ አስጠርታዋለች። ሽንኩርት ያውቅ አያውቅ እንጃ።

መኪናው ውስጥ ኃላፊው ከፊት፣ ነባሩ መምህር ከኋላ፣ እኔ ከእሱ ጎን ሆነን ተጓዝን። ወልድያን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ጀመረን። «መስኮቱን ይዝጋው በይው፤ አቧራ ገባ» አለ ከፊት። «አቧራው የሚገባው በእሱ በኩል ነው በይው» አለ ከኋላ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እህቴ፣ አይደክምሽም?» አለኝ። ደክሞኝ ነበር።

አባ ዳሱ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ጠበቁን። እኔን ግንባሬን ሳሙኝ፤ እንግዶቹን «ተየት መጣችሁ?» ብለው፣ አገሩ ደህና እንደሆነ፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። ወተት ቀረበ። የማሽላ እንጀራ ተበላ፤ ሁለቱ መምህራን በአንድ ትሪ እየበሉ የአንዱ እጅ ከአንዱ እንዳይነካ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ አባ በዝምታ ያዩ ነበር። ስንጨርስ ኃላፊው የመጣንበትን ጉዳይ በረጅሙ አስረዳ። ነባሩ መምህር መቅረጫውን አባ ፊት አስቀመጠ።

«ምርቃቱን እዚህ ላይ ቢሉልን» አለ ኃላፊው።

አባ መቅረጫውን አዩት። «እንዲያው በባዶው?»

«ለናሙና ያህል ነው።»

«የምን ናሙና? ምርቃት ሰበብ ይሻል። ሙሽራ አለ? መንገደኛ አለ? የታረቀ አለ?»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደፋሁና «የታረቀ የለም አባ። የተጣላ ግን አለ» አልኩ።

«ማነው?»

«እነዚህ ሁለቱ።»

የሁለቱ ፊት እንዴት እንደሆነ መቼም አልረሳውም። ኃላፊው «ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» አለና ሊነሳ ቃጣው፤ ግን የሰው እንጀራ በልቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ የት ይሄዳል? የአባ ፊት ደግሞ በራ። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «በል አንተ ተናገር» አሉት።

«ስልኩን እንዳነሳ ንገሪያቸው» አለኝ ኃላፊው።

«እሷን ተዋት! እኔ ጆሮ የለኝም?»

ኃላፊው ተናገረ። ነባሩ መምህርም ተናገረ። «ለመሆኑ በስልኩ ያልከው ምን ነበር?» ብለው አባ ጠየቁት። «ምንም እየሠራሁ አይደለም፤ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ» አለ ሰውዬው ወደ መሬት እያየ። አባ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሲረጋጉ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ያነበብከው ነገር ረጅም ነበር?»

«ትንሽ።»

«ረጅም ነበር» አሉ አባ። ወደ ያኛው ደግሞ ዞረው «አንተም ያቋረጥከውን ሥራ ዛሬ ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ። እስተ መጨረሻው። ስልክህን ለእኔ ስጠኝ» አሉት።

ጥናቱ የኃላፊው ስልክ ላይ ነበር፤ እኔ ሳስበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያነበው የዋለ ቀን የለም። በሮቢት የእኩለ ቀን ሙቀት፣ ፍየሎቹ ዳሱን እያሻሹ፣ ስለ ፈረንሳይኛ አስተማመር ካቆመበት ገጽ ጀምሮ አነበበ። ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተኛ። አባ አንዳች የሚያውቁት ነገር እንደሆነ ሁሉ በየመሀሉ «እህ» ይላሉ። ነባሩ መምህር ላቡ እየተንጠባጠበ አንዴም ዓይኑን ሳይነቅል ሰማ። ሲያልቅ «መጨረሻው ጥሩ ነው» አለ። «የምርህን ነው?» አለ ኃላፊው። ቀጥታ ለእሱ ያለው የመጀመሪያው ቃል ነበር። «የምሬን ነው። እኔም ክፍሌ ውስጥ ልሞክረው አስቤያለሁ።» ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ የጠረገው ግን መነጽሩን ብቻ አልነበረም። ተነስተው አፉ ተባባሉ፣ ተሳሳሙ።

«ቂም የያዘ አለ?» አሉ አባ።

«የለም» አሉ ሁለቱ ባንድ ድምፅ።

እንግዲህ ሰዓቱ ደረሰ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። «ጎረቤቴ የት ሄደ?»

«ገበያ ነው አሉ አባ» አልኩ።

«እኔን እንኳ ጉሮሮዬን...»

ሁለቱ መምህራን ምንም አያውቁም ነበር። አዲስ የታረቀ ሰው ደግሞ ችኩል ነው። «ግድ የለም አባ፣ መቅረጫው ትንሹንም ድምፅ ይይዛል» አለ አንዱ። «ሹክ ቢሉም ይሰማል» ብሎ ሞላለት ሌላው። ቀርበው መቅረጫውን አገጫቸው ሥር አደረጉት። አባ መቅረጫውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ሽማግሌ ሰው አጥምጄ እንዲህ ፊታቸውን ሳየው አፈርኩ፣ አሳዘኑኝም።

«ጉሮሮ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ቂም ያለበት አለ።»

«ማን?» አለ ኃላፊው ዙሪያውን እያየ።

«እኔ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማ ላከሽ?»

«ትምህርት ክፍሉ።»

«ወላሂ በይ።»

ወላሂ ማለት አልቻልኩም። «እማ ደሴ ልትሄድ ነው አባ» አልኳቸው። «ለኦፕራሲዮን። ነገ ትነሳለች።»

አልሰሙም ነበር። ማንም አልነገራቸውም። «ያ ረቢ» አሉና ተነሱ። «መኪናችሁ ሰው ይጨምራል?»

ወደ ዋጃ ስንሄድ አባ በእኔና በነባሩ መምህር መካከል ተቀመጡ። መምህራኑ ታርቀው ወሬው ፈሰሰላቸው፤ የዓመት ወሬ አጠራቅመው ነበርና የሚያቆማቸው ጠፋ። አባ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው መንገዱን ያዩ ነበር። ቆቦ መግቢያ ላይ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ መኪናውን ስታይ፣ አባን መስኮቱ ውስጥ ስታይ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ቦታ ስላልነበረን በባጃጅ ተከተለችን።

አያቴ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ፣ ለደሴ የተሰናዳው ፌስታል ከእግሯ ሥር ነበር። አባ በሩ ላይ ቆሙ። አየቻቸውና እኔን «ማነው ይሄ?» አለችኝ።

አባ ናቸው የመለሱት። «ግመሏ ያንቺ አልነበረችም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ቶሎ ነው የሰማሁት። ቶሎ ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። እንደ ሽማግሌ አይደለም የመጣሁት፤ አፉ በይኝ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሰጠ ፍርድ፣ በእናቴና በሁለት የማታውቃቸው መምህራን ፊት ተመለሰላት። አያቴ ፌስታሉን አየች፣ ወንድሟን አየች። ብዙ የምትናገረው ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ እንዳዘጋጀችው አውቃለሁ። አንዱንም አልተናገረችውም።

«አያ» አለች። «ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሃል? ግባ እንጂ።»

ታላቅ ወንድሟን በዚህ ስም ስትጠራ የሰማሁት በልጅነቴ ብቻ ነው። እናቴ ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ለመንገዷ ሊመርቋት ተቀመጡ። ነባሩ መምህር መቅረጫውን እያየ ወደ ኃላፊው ዞረና በዓይኑ ጠየቀው፤ ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፣ ተከፈተ። አባ እጃቸውን ዘረጉ። «ሄደሽ ተመለሽ፣ ነጋ ሁኚ፣ ደህና ውለሽ ደህና እደሪ...»

«አሚን» አልን።

«ሆራ፣ ቡላ...»

«ቆይ አያ» አለች አያቴ። «እሱ ለሙሽራ ነው።»

«ለመንገደኛም ይባላል።»

«እናታችን ለመንገደኛ እንዲያ ስትል ሰምቼ አላውቅም።»

«አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ!»

«ልጅ ብሆንስ? ጆሮ የለኝም?»

መቅረጫው ይህን ሁሉ ያዘ። ክርክሩን፣ የእናቴን ሳቅ፣ ሒሳቡን የሚጠይቀውን የባጃጅ ሾፌር ጥሩንባ፣ ሁሉንም። ከዚያ ውስጥ ሳይቋረጥ የተባለ ምርቃት ፈልጎ የሚያገኝ ተመራማሪ ካለ እጁን እስመዋለሁ። እኔ በዚያ ወር «ዜናና ክንውን» ላይ «ትምህርት ክፍሉ በራያ ቆላ ፍሬያማ የመስክ ሥራ አከናወነ» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ሥራ ላይ ከቆየሁ ጀምሮ ሳላሳምረው ያወጣሁት ዜና እሱ ብቻ ነው።

አያቴ ደሴ ሄዳ ተመለሰች፤ አልሐምዱሊላህ። ሁለቱ መምህራን አሁን ወንበራቸውን አዙረው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ስብሰባ ላይ ተባብረው እኔን ያጠቃሉ። ያስታረቅኳቸውን እጄን የምረግምበት ቀን አለ።

አባ ግን ይህን አያውቁም። እርቁ ከሆነ በኋላ ሰንበት ብለው በእናቴ ስልክ «ልጆቹስ ተስማሙ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የለመደብኝ የዜና ሥራ ነው መሰለኝ፣ «ትንሽ ትንሽ ይጋጫሉ» አልኳቸው። በገበያው ቀን ሚኒባስ ይዘው፣ ቆቦን አልፈው፣ እህታቸውን ሊያማክሩ ዋጃ ወረዱ። ውለው አደሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ መምህራኑን በመስኮት አጣላኋቸው። ከዚያ በፈተና ቀን፣ ከዚያ በወንበር። በየጠቡ አባ ዋጃ ይወርዳሉ፣ ወንድምና እህት እስከ መግሪብ ተቀምጠው የትምህርት ክፍላችንን ጉዳይ ያያሉ። ኃላፊው ይበልጥ ጥፋተኛ ነው የምትለው አያቴ ናት።

ባለፈው ዋጃ ስሄድ ነገሩ ከነከነኝ። አባ በረንዳው ላይ ውዱእ ያደርጋሉ። ወደ አያቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰዎቹ ከታረቁ ቆይተዋል፣ አልተጣሉም» አልኳት።

አያቴ ወደ በሩ አየት አደረገች፤ ከዚያ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ዝም በይ» አለችኝ። «አያ እንዳይሰማ።»